ያየሁትን ብቻ ጻፍ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሆሳዕና ደወለችልኝ። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ፣ እንሰቱን ስለሚያጠወልገው በሽታ ስታወራኝ ቆየችና ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ውይ ረስቼው፤ ያ ድሮ ፎቶ ቤት የነበረው ሽማግሌ፣ ጋሽ ሀንዲሶ፣ አረፈ እኮ። ማክሰኞ ቀበርነው። ታውቀው ነበር አይደል አጎቴ?» አለችኝ።

«አውቀው ነበር» አልኳት።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ይህች መልሴ አላስቀምጥ አለችኝ። ጋሽ ሀንዲሶን ሰፈርተኛውም ያውቀዋል፤ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፎቶ የተነሳ ገበሬም ያውቀዋል። እኔ የማውቀው ግን የተፈጸመበትን በደል በገዛ እጄ ጽፌ ነው። ይህን ሳልናገር «አውቀው ነበር» ብዬ ማለፍ ደግሞ ሁለተኛ በደል መሰለኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ማብቂያው መሆኑን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ሆሳዕና ውስጥ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ሱቅ ከፍቶ ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጽሕፈቴ ስለሚያምርና ሀዲይኛም ስለምችል በፖሊስ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የሰው ቃል እቀበላለሁ፣ መዝገብ እይዛለሁ፣ አማርኛ ለማይችል ባላገር አስተረጉማለሁ። ሰው ሁሉ «ከድር ደህና ቦታ ገባ» ይለኝ ነበር።

የጋሽ ሀንዲሶ ፎቶ ቤት ከገበያው ወደ አውቶቡስ መቆሚያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ፎቶ ማንሳት የተማረው ሚሲዮኖች ዘንድ ሲሠራ ነው። ከወንበሩ ጀርባ በተሰቀለው መጋረጃ ላይ ራሱ የሳለው ሐይቅ ነበረ፤ ሐይቁ ላይ ያለችው ጀልባ ከተነሺው ሰው አናት ላይ የበቀለች ትመስላለች። በር አጠገብ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት ተንጠልጥሏል። ኮት የሌለው ሰው ሲመጣ እሱን ያለብሰዋል። ስለዚህ ያኔ ከሌሞም ከፎንቆም መጥቶ ፎቶ የተነሳ ወንድ ሁሉ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ በአንድ ኮት ነው ያለው። ኮቱን ካለበሰ በኋላ የሰውየውን ኮሌታ በሁለት እጁ ያስተካክልና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ይሄዳል። ከዚያ «አትሳቅ፣ አትቆጣም። ራስህን ሁን፤ እኔ አይሃለሁ» ይላል። ይህን ሲል ሰዎቹ እንዴት እንደሚረጋጉ ይገርመኝ ነበር።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነበር። አማርኛ የተማረው ካደገ በኋላ ስለሆነ ሲናገር አንዳንዴ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል። በጽሑፍ ግን አይሳሳትም። «በአፍ ጊዜ የለኝም፤ በጽሑፍ ጊዜ አለኝ» ይላል።

ጽሑፍ ያልኩት የአንድ አዲስ አበባ የሚታተም ጋዜጣ ወኪል ስለነበረ ነው። ወኪል ሲባል ደመወዝ የለውም፤ ያለው ማኅተም ያረፈበት መታወቂያ ነው። ድልድይ ሲፈርስ፣ ትምህርት ቤት ሲመረቅ፣ አዝመራ በበረዶ ሲመታ ጽፎ በአውቶቡስ ይልካል። ከአምስቱ አንዱ ቢወጣለት ነው። በሱ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሁለት ዓይነት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ «አየሁ» ይላል፣ ወይ «ተባለ» ይላል። አንዴ ሞርሲቶ ላይ አርባ ከብት መብረቅ ገደለ የሚል ወሬ ሰምቼ እየሮጥኩ ነገርኩት። አዳመጠኝና ጫማውን አጥብቆ አስሮ ወጣ። በማግስቱ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ መጣ።

«ሦስት ናቸው» አለኝ። «አርባ ያለህ ሰው እግራቸውንም ጆሯቸውንም ቆጥሮ መሆን አለበት።»

ከፖሊሶች ጋር ጠብ አልነበረውም። የሁሉንም የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው። ሻምበሉ፣ የጣቢያችን አዛዥ፣ በተለይ ፎቶ መነሳት ይወድ ነበር። በየበዓሉ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይሄዳል፤ ጋሽ ሀንዲሶ ኮሌታውን ያቃናለታል፤ ሻይ አብረው ይጠጣሉ። ይህን የምናገረው ነገሩ ጠላት በጠላት ላይ ያደረገው እንዳልነበረ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ሌሞ ውስጥ አቶ ሺጉጤ የሚባሉ ጭሰኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። አባታቸውም አያታቸውም ያረሱትን መሬት ባለርስቱ በትራክተር ስንዴ ሊያርስበት ፈልጎ ልቀቁ አላቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። እኛ ጽሕፈት ቤት አራት ጊዜ ለአቤቱታ መጥተው አራቱንም ጊዜ ቃላቸውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ የትም አልሄደም። በመጨረሻ እንሰታቸውን ነቅለው የሸጡበትን ይዘው አዲስ አበባ ለጃንሆይ አቤት ሊሉ ሄዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊመለሱ መሆኑ ተሰማ፤ ጉዳያቸው ይታይ የሚል ወረቀት ይዘዋል ተባለ።

በገበያ ቀን ጠዋት ሻምበሉ ጠራኝ።

«ከድር፣ ያንን ሽማግሌ በመልክ ታውቀዋለህ አይደል?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ከአስር አለቃው ጋር አውቶቡስ መቆሚያ ሂድ። ሲወርድ አሳየው። ሌላ ሥራ የለብህም።»

ሌላ ሥራ የለብህም ማለቱን ወደድኩት። እንዲያውም ቀላል ነገር ነው ብዬ ሄድኩ።

አውቶቡሱ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። መቆሚያው በገበያተኛና በጋሪ ፈረስ ተጨናንቋል። ጋሽ ሀንዲሶም እንደ ወትሮው የጋዜጣውን ጥቅል ሊቀበል መጥቶ ካሜራውን አንገቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። አይቶኝ እጁን አነሳልኝ። አቶ ሺጉጤ በሩ ላይ ብቅ አሉ። አንድ እጃቸው የበሩን ብረት ይዟል፤ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል። አስር አለቃው ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ጣቴን ቀሰርኩ።

አስር አለቃውና አብረውት የመጡት ሁለት ፖሊሶች ጎትተው አወረዷቸው። መሬት ሳይረግጡ ነው ቆመጡ ትከሻቸው ላይ ያረፈው። ወደቁ። ወረቀቱን ከደረታቸው ሊያላቅቁ ሲታገሉ እሳቸው እንደ ሕፃን አቅፈውት ተጠቀለሉ። ያን ጊዜ ነው የካሜራውን ድምፅ የሰማሁት፤ ቀጭ የምትል ትንሽ ድምፅ። ጋሽ ሀንዲሶ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ እንደሚያደርገው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እያነሳ ነበር። ፊልሙን ያዞራል፣ ያነሳል፤ ያዞራል፣ ያነሳል።

አስር አለቃው ቀና አለ። «ምን እያደረግክ ነው?»

«የጋዜጣ ወኪል ነኝ፤ ታውቀኛለህ» አለ ጋሽ ሀንዲሶ።

«አምጣው!»

«ሥራዬ ነው።»

የመጀመሪያው የሰደፍ ምት ጎኑን አገኘው። ካሜራውን ሆዱ ውስጥ ሸጉጦ ተንበረከከ። ሁለቱ ፖሊሶች መጡበት። ጮኾ አልተሳደበም፤ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ «ሥራዬ ነው፣ ሥራዬ ነው»። ካሜራውን አልለቅ ሲል ቀኝ እጁን መሬት ላይ አስዘርግተው በጫማ ረገጡት። አንዴ አይደለም። ካሜራው ከዚያ በኋላ በቀላሉ ወጣ። ገበያተኛው ዙሪያውን ቆሞ ነበር፤ እኔም ከገበያተኛው እንደ አንዱ ቆሜ ነበር። ሲያነሱት ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ ከኔም ወደ አቶ ሺጉጤ ሄደ፤ ተመልሶ እኔ ላይ መጣ። ጣቴን ስቀስር አይቶኛል።

ጣቢያ ስንደርስ ሻምበሉ የጋሽ ሀንዲሶን እጅ አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። ማፈሩ ይታይ ነበር። ግን ማፈር ሌላ፣ መተው ሌላ። ካሜራውን ከፍቶ ፊልሙን እየጎተተ ፀሐይ እንዲያቃጥለው በረንዳው ላይ ዘረጋው።

«ሀንዲሶ» አለው ሻምበሉ ለስለስ ብሎ፣ «ከዚህ ነገር ውስጥ ላውጣህ። ሽማግሌው አስር አለቃውን በዱላ መታ። አንተም አይተሃል። በግርግሩ ተደናቅፈህ ወደቅክ፤ እጅህም ካሜራህም ያኔ ተሰበረ። ይህን ፈርምና ቤትህ ሂድ። ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

«ሽማግሌው ዱላ አልያዙም» አለ ጋሽ ሀንዲሶ።

«ከድር፣ ጻፍ» አለኝ ሻምበሉ።

ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምራል ብያለሁ፤ ያን ቀንም አማረ። አንብቤ ስጨርስ ጋሽ ሀንዲሶ ወደኔ ዞረ።

«ከድር፣ ይህ የኔ ቃል ነው?»

ወረቀቱን ወደ ሻምበሉ ገፋሁት።

«የኔ ቃል ከሆነ ያየሁትን ብቻ ጻፍ።»

አልፈርምም አለ። አስር አለቃው የቀለሙን ሳጥን አመጣ። ያ የተረገጠ እጅ አብጦ ነበር። አውራ ጣቱን ይዘው ቀለሙ ላይ ሲጫኑት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው የሚደረገው የጣት ፊርማ፣ ከተማው ውስጥ ከሁሉ በላይ ለሚጽፈው ሰው ተደረገለት።

ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀን አሠሩት። ፖሊስ በሥራው ላይ እንዳለ አውኳል የሚል ክስም ተከፈተበት። ሚስቱ ወይዘሮ ማርታ በየቀኑ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው ይመጣሉ፤ ፈትሼ የማስገባው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጥቅሉን እየፈታሁ ሳለ፣ «ከድር፣ አንተ ስትወለድ እናትህን ያረሷት እናቴ ናቸው» አሉኝ። እኔ ቅጠሉን መልሼ ጠቅልዬ አስገባሁላቸው።

የተፈታው በዋስ ነው። ዋሱ የወይዘሮ ማርታ ወንድም መምህር ጴጥሮስ ናቸው። ሻምበሉ ሦስት ነገር አዘዘ፤ ከከተማ እንዳይወጣ፣ ፎቶ እንዳያነሳ፣ በየቀኑ ጠዋት ጣቢያ መጥቶ እንዲፈርም። አንዱን ቢያፈርስ መምህር ጴጥሮስ ገብተው ይታሰራሉ፤ ሥራቸውንም ያጣሉ። ስድስት ልጆች አሏቸው። ጋሽ ሀንዲሶን ከእስር ቤቱ ግድግዳ ይልቅ ያሠረው ይህ ነው።

የሚፈርምበትን መዝገብ የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ።

ስምንት ወር ያህል በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ቀኝ እጁ ድኖ ነበር፤ ግን ሦስቱ ጣቶቹ አይታጠፉም፣ ብዕር አይዝም። መጀመሪያ ቀን ብዕሩን በግራው ይዞ ስሙን ለመጻፍ በጣም ቆየ። የሕፃን ጽሕፈት የመሰለ ጠማማ ፊደል ወጣ። «እኔ ልጻፍልህ ጋሼ» አልኩት። «አይ» አለኝ፣ «አንዴ ጽፈህልኛል።»

ከዚያ በኋላ ያን ጉዳይ አላነሳብኝም። «እንደምን አደርክ ከድር» ይላል፤ ይፈርማል፤ ይሄዳል። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። ዝናብ ቢዘንብ ይመጣል፣ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ መጥቷል፣ እናቱ የሞቱ ዕለት ከሐዘኑ ተነስቶ መጥቶ ፈርሟል። እናቱ የሞቱት ፎንቆ ነው። እንዲቀብር ፈቃድ እንዲሰጠው ሻምበሉን ጠየቀው፤ ሻምበሉ «ደንብ ነው ሀንዲሶ፣ እኔ ምን ላድርግ» አለው። ፎንቆ ሩቅ አይደለም። በዚያ ቀን ግን ከሆሳዕና ጫፍ መንገዱ ላይ ቆሞ ከከተማው ወደ ፎንቆ የሚሄደው ቀብርተኛ ሲያልፍ አይቶ ተመለሰ አሉ። ይህን አላየሁትም፤ ተባለ ነው።

ፎቶ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ገበሬዎች በገበያ ቀን ልጅ አቅፈው እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ተከልክያለሁ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ለጋዜጣው በግራ እጁ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱን እኔ ነኝ ከፖስታ ቤት ያመጣሁለት፤ ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ስለሆነ ለማውጣት እንቸገራለን፣ ሌላ ዜና ይላኩልን ይላል። አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

አቶ ሺጉጤ አስር አለቃውን መቱ የተባሉበት ክስ የተሰማው በሰባተኛው ወር ነው። እስከዚያ እስር ቤት ነበሩ፤ ያስላቸው ጀምሯል። ዐቃቤ ሕጉ ዋና ማስረጃ ብሎ ያቀረበው እኔ የጻፍኩትንና የጋሽ ሀንዲሶ ጣት ያለበትን ወረቀት ነው። ሽማግሌው መከላከያ ምስክር አለህ ወይ ሲባሉ፣ በአስተርጓሚ፣ «ፎቶ ያነሳው ሰው ይጠራልኝ» አሉ።

ጋሽ ሀንዲሶ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ቆመ። ዳኛው ከሌላ አገር የመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

«ያነሳኸው ፎቶ የት አለ?» አሉት።

«ፊልሙ ተቃጥሏል ክቡር ዳኛ። እኔ ግን አልተቃጠልኩም። ስድስት ነው ያነሳሁት፤ ስድስቱንም መናገር እችላለሁ።»

«ተናገር።»

ዓይኑን ጨፈነ። «አንደኛው፣ አባባ ሺጉጤ በአውቶቡሱ በር ግማሽ ወርደው፤ ፖሊሱ ልብሳቸውን ይዟል። ቀኝ እጃቸው ብረቱ ላይ ነው፣ ግራው ወረቀት ይዟል። ዱላ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የላቸውም። ሁለተኛው፣ ቆመጡ ትከሻቸው ላይ። ሦስተኛው፣ መሬት ላይ ናቸው፤ ነጠላቸው ከአስር አለቃው ጫማ ሥር ነው…» እንዲህ እያለ እስከ ስድስተኛው ሄደ። እኔ አንዱንም አልጨመረም፣ አንዱንም አላጎደለም ብዬ በልቤ እመሰክር ነበር። በልቤ።

ዳኛው ወረቀቱን አነሱ። «ታዲያ ይህ ቃል ያንተ አይደለም?»

«አይደለም።»

«የጣትህ ፊርማ አለበት።»

«እኔ መጻፍ የምችል ሰው ነኝ ክቡር ዳኛ። ለምን በጣት እንደፈረምኩ ጸሐፊውን ይጠይቁት።»

ጠሩኝ። ሻምበሉ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከችሎት በፊት በረንዳው ላይ አግኝቶኝ ስለ አባቴ ሱቅ ጠይቆኝ ነበር፤ ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ መድረሱን አስታውሶኝ ነበር፤ በወዳጅነት ድምፅ።

«ቃሉን ራሱ ነው የሰጠው?» አሉ ዳኛው።

«ራሱ ነው።»

«ለምን በጣት ፈረመ?»

«እጁ ተጎድቶ ስለነበር።»

«እጁ በምን ተጎዳ?»

«ወድቆ» አልኩ።

ለፍርድ ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሀንዲሶ መጣ። «እንደምን አደርክ ከድር» አለኝ፣ ፈረመ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እንደ ሌላው ቀን እንዲሄድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ልክ ሲዞር እኔው ራሴ ያዝኩት።

«ጋሼ፣ አባቴ ሱቅ አለው። ሻምበሉ ይዘጋዋል። እህቶቼ…»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

መዝገቡን በማይታጠፉት ጣቶቹ ጫፍ ነካ አደረገው። «እኔን በጴጥሮስ አሠሩኝ፤ አንተን በአባትህ። ሻምበሉንም በሆነ ሰው አሥረውት ይሆናል፤ እሱን አላየሁም። ሁላችንም ዋስ አለን። ዋስ የሌላቸው አባባ ሺጉጤ ብቻ ናቸው፤ ለዚህ ነው ውስጥ ያሉት።» ከዚያ፣ «ምን ላድርግ ብለህ እኔን አትጠይቀኝ። እኔ ብመክርህ ለራሴ ነው የምመክረው» ብሎ ሄደ።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ ሱቅ ሄጄ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጣቴን ከቀሰርኩበት ጀምሮ። ጨው እየመዘነ ነበር። ሚዛኑን አስቀመጠ።

«ይኸ ሱቅ ነው እንዴ ያስዋሸህ?» አለኝ።

«እንዳይዘጋብህ ብዬ ነው አባ።»

«እኔ ጠይቄሃለሁ?»

«አልጠየቅከኝም።»

«እንግዲያው በኔ ሱቅ አታሳብ» አለኝና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ሱቁን እንደሚያጣው ያውቅ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ፍርዱ ሊነበብ ሲል ተነስቼ ክቡር ዳኛ ልናገር አልኩ። ቃሉን ሻምበሉ እንዳጻፈኝ፣ ጣቱን በግድ እንዳስነከሩት፣ ወረቀቱን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሽማግሌው ዱላ እንዳልያዙ ተናገርኩ። ሻምበሉ አልጮኸም። ኮፍያውን ከጉልበቱ አንስቶ ጠርዙን በጣቱ ያዞር ጀመር።

አቶ ሺጉጤ በነፃ ተለቀቁ። ሲለቀቁ ግን መሬታቸው ታርሶ ስንዴ በቅሎበት ነበር። የልጃቸው ቤት ተቀምጠው ክረምቱን ሳያልፉ ሞቱ። አስር አለቃው ምንም አልሆነም። ሻምበሉ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ሹመት ጨምረውለት ነው የሚሉም አሉ። የአባቴ ሱቅ ሚዛኑ ጎደሎ ነው ተብሎ ታሸገ፤ ሲከፈት ደንበኛው ሁሉ ሌላ ቦታ ለምዶ ነበር። እኔ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረርኩ። ጋሽ ሀንዲሶ መፈረሙ ቀረለት፤ ክሱ ግን አልተዘጋም፤ ይቀጠራል፣ ይቀጠራል። ካሜራው ኤግዚቢት ነው ተብሎ ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ፎቶ እንዳያነሳ የተጻፈውን እገዳ የሚያነሳ ሰው አልተገኘም፤ አዲሱ አዛዥ «እኔ ያላገድኩትን እንዴት አነሳለሁ?» አለው።

አመሰገነኝ ወይ? አላመሰገነኝም። ከተባረርኩ ከጥቂት ቀን በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «ሥራ አለህ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «እኔ እጅ የለኝም» አለኝ። «ነገ ከሰዓት በኋላ ና።»

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ጸሐፊው ሆንኩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የሚከፈለኝ ምሳ ነው። ወይዘሮ ማርታ ሳህኑን ሲያቀርቡልኝ ለረጅም ጊዜ ፊቴን አላዩም። በኋላ ማየት ጀመሩ። ስለ ድልድይና ስለ ትምህርት ቤት ብዙ ጻፍን፤ አንዳንዱ ወጣ። መጀመሪያ የጻፍነውን ግን ጋዜጣው አላወጣውም፤ ለምን እንዳላወጣውም አልጻፈልንም።

ያን የመጀመሪያውን ቀን ነው የማልረሳው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ እሱ ተነሺዎች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከጠረጴዛው። ለአየር ብሎ በሩን ክፍት ተወው። ገበያ ስለነበር ሰው በደጁ ይተላለፋል።

«ጻፍ» አለኝ። «በሰኔ ወር፣ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ በሆሳዕና አውቶቡስ መቆሚያ፣ አየሁ።»

ጻፍኩ።

«አቶ ሺጉጤ የሚባሉ የሌሞ ገበሬ ወረቀት ይዘው ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ አየሁ።»

ጻፍኩ።

«የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ከድር ሽኩር፣ ከበሩ በስተግራ ቆሞ፣ ሽማግሌውን ለፖሊሶቹ በጣቱ ሲያመለክት፣ አየሁ።»

ብዕሬ ቆመ። ቀና ስል እያየኝ ነው፤ አልተቆጣም፣ አልሳቀም።

«ጻፍከው?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በኋላ ፍርድ ቤት…»

«እሱ ገና ይመጣል። እሱንም አይቻለሁ፣ እናገረዋለሁ። አሁን ያለነው አውቶቡሱ በር ላይ ነው።»

ጻፍኩት። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ጣቴን።

«አንብብልኝ» አለኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስሜ ላይ ስደርስ ድምፄ ወረደ። ደጅ ሁለት ገበያተኞች ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ።

«ጎላ አድርገህ» አለኝ።

ጎላ አድርጌ አነበብኩት።